«እማዬ፣ ቅርንጫፍ አሸነፍን!» የቃላት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በመስከረም ለወላጆች የበተንኩት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የቃላት ክበብ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት፣ በዓመቱ 30 ተረትና ምሳሌ እናጠናለን። አላጠናንም። ያጠናነው ስድስት ነው። ከስድስቱም ልጆቹ ዛሬ ቢጠየቁ አራቱን ቢመልሱ ነው። የቀረውን ዓመት አንድ የአይሪሽ፣ ማለትም የአየርላንድ ቋንቋ፣ ቃል በላው። ይህንን ለመጽሔቱ አዘጋጆች ስነግራቸው «የአማርኛ ትምህርት ቤት መጽሔት እኮ ነው» አሉኝ። አውቃለሁ። አንብባችሁ ጨርሱና ከዚያ ተቆጡኝ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ክበብ መጣ። ጠዋት ጌሊክ ፉትቦል ነበረው፤ ያው ኳሷን በእጅም በእግርም የሚጫወቷት የዚህ አገር፣ የአየርላንድ፣ ጨዋታ። እናቱ ተከትላው ገባችና «ቲቸር፣ እስቲ ይሄ ልጅ የሚለውን ይስሙልኝ» አለችኝ። ለካ የትምህርት ቤቱ ቡድን ዋንጫ በልቷል። ልጁ መኪና ውስጥ መንገዱን ሙሉ «እማዬ፣ ቅርንጫፍ አሸነፍን! ቅርንጫፍ አሸነፍን!» እያለ ነው የመጣው። እሷ «የምን ቅርንጫፍ? የባንክ?» ብላዋለች። እሱ ተናዷል። እሷም ተናዳለች። እኔ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም አኩርፈው ነበር።

ልጁ ግን ልክ ነው። በአይሪሽ ቅርንጫፍ «ክሪቭ» ይባላል። ሻምፒዮናም «ክሪቭ» ነው። የመላው አየርላንድ ሻምፒዮና «ክሪቭ ና ሄረን» ሲሆን፣ ቃል በቃል የአየርላንድ ቅርንጫፍ እንደማለት ነው። ያሸነፈ ቡድን ቅርንጫፉን ይዞ ሄደ ይባላል። የደብሊን ወንዶች ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ዓመት በተከታታይ ክሪቩን ይዞ ሄዷል፤ ይህን የነገሩኝ ልጆቹ ናቸው፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይከራከሩ የተስማሙበት ብቸኛ ነገርም ይኸው ነው። ጥንት ግሪኮች ኦሎምፒያ ላይ ለአሸናፊ የወይራ ጉንጉን ያጠልቁ እንደነበር ስነግራቸው እናትየው ትንሽ ለዘብ አለች። «ታዲያ እንደዚያ ብሎ አይነግረኝም?» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ቃሉን ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍልን አደረግሁ። ሲ፣ አር፣ ኤ፣ ኦ፣ ቢ፣ ኤች። ለአንዲት ክሪቭ ስድስት ፊደል! «ቢ እና ኤች ተጽፎ ቭ የሚባለው ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። የምሬን ነው፣ አላውቅም ነበር። «በቃ እንደዚያ ነው» አሉኝ። እነሱ ከታች ክፍል ጀምረው አይሪሽ ስለሚማሩ ለምዶባቸዋል፤ እኔን ግን ሳምንቱን ሙሉ ከነከነኝ። አይሪሽ የምታስተምር ጎረቤት አለችኝ። አጥር ላይ ቆመን ስጠይቃት ገባ ብላ የአያቷን የጸሎት መጽሐፍ ይዛ መጣች። ገጹን ሳየው ኤች የሚባል ነገር የለም። በቃ ቢ ላይ ነጥብ አለ። ነጥብ ያረፈበት ቢ ይለሰልስና ቭ ይሆናል፤ በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ው። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በመጽሐፍም በትምህርት ቤትም እንዲህ ነበር የሚጻፈው። ኋላ ወደ ተለመደው የላቲን ፊደል ሲዞሩ ነጥቡ ቀርቶ ኤች ተተካ።

ወዲያው የመጣልኝ «በ» እና «ቨ» ነው። እኛ በ አናት ላይ ሰረዝ ጨምረን ቨ አደረግን፤ እነሱ ቢ አናት ላይ ነጥብ ጣል አድርገው ቭ አሉ። ያው ድምፅ፣ ያው መላ፣ ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት አገሮች።

ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፍኩት። ዝም አሉ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ «ከ-ስ?» አለች። ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም ነበር። እኛ «ቅርንጫፉ» ለማለት ከኋላ ኡ እንቀጥላለን፤ እነሱ ከፊት «አን» ያስገባሉ። አን ሲመጣ ደግሞ የክሪቭ የመጀመሪያ ድምፅ ራሱ ይለወጣል፦ ክሪቭ፣ አን ኽሪቭ። በድሮው ጽሕፈት ሲ አናት ላይ ነጥብ። በእኛ ከ አናት ላይ ሰረዝ፣ ኸ። እንግዲህ በአንዲት ቃል ውስጥ ከፊት ኸ፣ ከኋላ ቨ። ልጅቷ ይህን አስቀድማ አውቃ ነው የጠየቀችው፣ አን ኽሪቭ ማለቱን ከልጅነቷ የለመደችው ነው፤ ያላወቀችው ኸ የ ከ ልጅ መሆኗን ነው።

ከዚያ ማቆም አልተቻለም። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ። ግዕዝ የሌሉትን ድምፆች አማርኛ ሲያመጣ አባቶች አዲስ ፊደል አልፈለሰፉም፣ ያለውን ፊደል ባርኔጣ አለበሱት። (ቨ እንኳ የባዕድ ቃል ለመጻፍ ኋላ የመጣች ናት።) «ፊደል በዛብን» እያሉ ሲያለቅሱ የነበሩ ልጆች ግማሹ ፊደል ባርኔጣ የለበሰ የድሮ ጓደኛ መሆኑን ሲያዩ ቀለላቸው። ይህን እስከዛሬ ሳልነግራቸው መቆየቴ የእኔ ጥፋት ነው። የሰኔው የፊደል ፈተና ላይ ኸን የሳተ አንድም ልጅ የለም።

ስለ አነባበቡም ጠብ ነበረ። ከኮርክ ወደ ደብሊን የተዛወረች አንዲት አባል «ክሪቭ አይደለም፣ ክሬቭ ነው» አለች። በደቡብ እንደዚያ ነው የሚሉት፤ በምዕራብና በሰሜን ደግሞ ክሪቭ ወይም ክሪው። ልጆቹ አፌዙባት። ልጁን ሊወስድ የመጣ አንድ ጎጃሜ አባት በር ላይ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ «እኛም ኸቤት ስንል አዲስ አበቤ ይስቅብናል፣ አይዞሽ የእኔ ልጅ» አላት። ዘገባው ውስጥ ስሙን እንዳልጽፍ አስጠንቅቆኛል።

ቃሉ አሮጌ ነው። በጥንታዊው አይሪሽ ክሮይቭ ይባል ነበር። ወደ ስኮትላንድ ከተሻገሩት ዘመዶቹ ጋር ግን ተለያይቷል። በስኮትላንድ ጌሊክ ያው ቃል ቅርንጫፍ መሆኑ ቀርቶ ዛፍ ማለት ሆኗል። በአይሪሽ ዛፍ ማለት «ክራን» ነው፤ ክራን ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ የመርከብ ምሰሶ ወይም ማረሻ ነው። ቅርንጫፉ ዛፍ ሆነ፣ ዛፉ ማረሻ ሆነ! አንዱ ልጅ ይህን በሥዕል ሠርቶታል፤ በሬዎቹ ፈረስ ይመስላሉ እንጂ ጥሩ ነው።

አየርላንድም ውስጥ ቢሆን በድሮ የቦታ ስሞች ላይ ክሪቭ ሲባል ዛፍ ሆኖ ይገኛል፣ ያውም ተራ ዛፍ አይደለም። የዓመቱን ምርጥ ቅዳሜ የሰጠን ይኸው ታሪክ ነው። ሰሜን አየርላንድ፣ አንትሪም ውስጥ፣ ግሌናቪ አጠገብ ክሩ ሂል የሚባል ኮረብታ አለ። የጥንት ስሙ ክሪቭ ቱልኻ፣ የጉብታው ዛፍ። ኡላድ የሚባሉት የጥንት የአካባቢው ሕዝብ ነገሥታት የሚነግሡት እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1099 ጎረቤቶቻቸው ኬኔል ኖጋኖች ዘምተው አሸነፏቸው። ማሸነፉ አልበቃቸውም፣ ዛፉን ቆረጡት። ኡላዶች ቂማቸውን 12 ዓመት ቋጥረው ቆዩ። በ1111 ተነሥተው የእነዚያ ነገሥታት ወደሚነግሡበት ወደ ተላኽ ኦግ ዘመቱና እነሱም የዚያን ስፍራ ዛፎች ጨፈጨፉ። ሁለቱም በአየርላንድ ዜና መዋዕል ተጽፈዋል።

አንድ ልጅ «ለምን ንጉሡን አልገደሉትም?» ሲል ጠየቀ። ከእኔ በፊት የመለሰችለት የስምንት ዓመት ልጅ ናት። «ንጉሥ ከሞተ ሌላ ያመጣሉ። ዛፍ ግን ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለች። አያቷ አርሲ ናቸው፣ ስለ ኦዳ በስልክ አጫውተዋታል፤ ጉባኤውም እርቁም ከኦዳ ሥር መሆኑን ታውቃለች። «ኦዳውን ቢቆርጡት እኮ የት ይቀመጣሉ?» ብላ ጨመረች። እኔ ለዚህ የተዘጋጀ ማስታወሻ ነበረኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

አሁን ወደማልወደው ክፍል። የመጋቢት ጉዞ።

የኡልስተር፣ ማለትም የሰሜኑ የአየርላንድ ክፍል፣ ተረቶች ውስጥ ኮንኮቫር የሚባል ንጉሥ አለ። አዳራሹ «አን ኽሪቭ ሩዋ» ነው፣ ቀዩ ቅርንጫፍ። ከጠላት የማረኩትንና የቆረጡትን ራስ የሚያኖሩበት ቤት ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱም ክሪቭ ሆኖ ቀይ ነው፣ ግን በሌላ ቀይ። አይሪሽ ለቀይ ሁለት ቃል አለው፦ ሩዋ እንደ ዳማ ያለው ነው፣ ጃረግ ደማቁ። የጭንቅላቱ ቤት ደማቁን ማግኘቱ ልጆቹን አስደስቷል፣ ምን ይደረግ። ቦታው ዛሬ ናቫን ፎርት ይባላል፣ አርማ ከተማ አጠገብ ነው፤ ከጎኑ ክሪቭሮ የሚባል መንደር ስሙን እንደያዘ አለ። ተረቱን ተረት እንበለው፣ ቦታው ግን የምር ነው። ቁፋሮ ሲደረግ 40 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ የእንጨት ሕንፃ ተገኝቷል። የመሐል ምሰሶው የተቆረጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ95 መጨረሻ ወይም በ94 መጀመሪያ ላይ ነው። ይህ የታወቀው የግንዱን ቀለበቶች በመቁጠር ነው። ሕንፃውን ከሠሩት በኋላ ውስጡን ድንጋይ ሞልተው ሆን ብለው አቃጥለውታል።

ይህን ሁሉ ለማየት አውቶቡስ ተከራየሁ። ቀብድ ከፈልኩ። ከዚያ አንዲት እናት ስልክ ደውላ «ቲቸር፣ አርማ እኮ ማዶ ነው» አለችኝ። ማዶ ነው፣ ሰሜን አየርላንድ፣ የእንግሊዝ ግዛት። ድንበሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል፤ ግን ከቤተሰቦቻችን የተወሰኑት በያዙት ወረቀት ያለ ቪዛ መሻገር አይችሉም። ስድስት ልጅ ጥዬ ልሄድ ነው? ሰረዝኩት። አውቶቡሶቹ የቀብዱን ግማሽ ብቻ መለሱልኝ። መጀመሪያ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ የስድስቱን ወላጆች እዚሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በምትኩ ግላስኔቪን ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት መናፈሻ ሄድን። ከ1795 ጀምሮ ያለ ነው፣ መግቢያው ነፃ ነው። ዘነበ። እርጥብ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ስም አወጣን። ለልጆቹ ከዛፍ የወጣ ነገር ሁሉ ቅርንጫፍ ነው። ግንድ የሚያውቁ አራት። ቀንበጥ የሚያውቅ አንድ፣ እሱም ከዘፈን። ጭራሮ የሚያውቅ የለም። ደግሞስ ከየት ያውቁታል? ቤታቸው የሚሞቀው በጋዝ ነው። «ጭራሮ ደርቆ የወደቀ፣ እሳት ማያያዣ» አልኩና ለማሳየት ከመሬት ላነሣ ስል ጥበቃው ፈገግ ብሎ ጣቱን አወዛወዘብኝ። ከበር ወጥተን መንገድ ዳር ለቀምን። ሲመለሱ በየኪሳቸው ጭራሮ ነበረ፤ አንዷ እናት ልብስ ማጠቢያዋ ውስጥ አግኝታ ደውላልኛለች።

ቀንበጥ የምትለዋ ቃል ግን ጠቀመችን። የአየርላንድ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ የብዕር ስሙ «አን ክሪቪን ኢቪን» ነበር። መጨረሻ ላይ ኢን ሲጨመርበት ማሳነሻ ነው፤ ክሪቪን ትንሽ ክሪቭ። ኢቪን ደግሞ ደስ የሚል፣ ያማረ። ይህን ወደ አማርኛ መልሱ ብዬ ውድድር አደረግሁ። «ደስ የሚል ትንሽ ቅርንጫፍ» ያሉ ነበሩ፣ የባንክ ማስታወቂያ ይመስላል ብዬ ጣልኩት። «ያማረ ቀንበጥ» አሸነፈ። የጻፈው ልጅ ቀንበጥን የሚያውቀው ያው ልጅ ነው፣ እና ክሪቩን ይዞ ሄደ።

ሃይድን ልጆቹ የወደዱት በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 የተወለደ የፕሮቴስታንት ቄስ ልጅ ነው፣ ቤታቸው የሚነገረው እንግሊዝኛ ነው። አይሪሹን የተማረው ሮስኮመን ውስጥ ከሚኖሩ የሰፈር ሰዎች ነው። በጉርምስናው ማስታወሻ ደብተሩን በአይሪሽ መጻፍ ሲጀምር አጻጻፉን ስለማያውቅ እንደሰማው በእንግሊዝኛ ፊደል አሰባስቦ ይጽፍ ነበር። ይህን ስነግራቸው አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ለአክስቱ የላከውን መልእክት አሳየኝ፣ «ደህና ነሽ ወይ» በላቲን ፊደል፣ ሦስት ስህተት ያለበት። «ፕሬዚዳንት እሆናለሁ ማለት ነው?» አለኝ። ሃይድ በ1893 የአይሪሽ ቋንቋ ማኅበርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ የማኅበሩ ቅርንጫፍ ሁሉ ክሪቭ ይባላል። በ1938 ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚያው ዓመት ደብሊን ውስጥ አየርላንድ ከፖላንድ ያደረጉትን የእግር ኳስ ጨዋታ ገብቶ በማየቱ ብቻ የጌሊክ ስፖርቶች ማኅበር ከክብር ደጋፊነቱ ሰረዘው፤ ያኔ «የባዕድ ጨዋታ» ማየት ክልክል ነበር። ኳስ ተጫዋቾቻችን በዚህ የተናደዱትን ያህል በምንም አልተናደዱም።

በግንቦት የዘር ሐረግ ሠራን። አይሪሾች የቤተሰብ ዛፍ ሲሉ የትውልድ ክሪቭ ነው የሚሉት። በ1650 ጎልዌይ ውስጥ ዱልታኽ ማክ ኢርቪሺ የሚባል የታሪክ ጸሐፊ የአየርላንድን የዘር ሐረግ ሁሉ አሰባስቦ ሲጽፍ ርዕሱን የጀመረው «የዝምድና ክሪቮች» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ሐረግ እንላለን፣ ከሌላው ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ። የቱ ይሻላል የሚለው ክርክር አላለቀም። እኔ የሐረግ ወገን ነኝ፤ ዘመድ ሲባል የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማይታወቅ ነው። ሰባት ቤት ድረስ ቁጠሩ ብዬ ነበር። ብቻውን ከአራት ያለፈ የለም። ደሴ ላሉ አንዲት አያት በስልክ ድምፅ ማጉያ ደወልን፣ ሰባቱን በአንድ ትንፋሽ ቆጠሩና «ይኼው ነው? ለዚህ ነው የቀሰቀሳችሁኝ?» አሉን።

ሌሎቹን ክሪቮች በችኮላ ነው ያየናቸው። ወሬ ማሰራጨት ወይም ወንጌል መስበክ «ክሪቭስኪለ» ነው፤ ክሪቭ ሲደመር መፍታት፣ ቅርንጫፉን ዘርግቶ መልቀቅ። ሰው ሲያብድ ደግሞ «ከቅርንጫፎቹ ጋር ሄደ» ይላሉ፤ እኛ ጨርቁን ጣለ የምንለውን። ሁለቱን ያገናኘ አንድ ልጅ እኔ ላይ ተጠቅሞበታል። በአማርኛ ስለተናገረው አልቀጣሁትም።

የጥቅምቷን እናት ጥያቄ የመለስንላት በሰኔ ነው። የባንክ ቅርንጫፍ በአይሪሽ ክሪቭ አይባልም! «ብራንሸ» ነው፣ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ። ልጇ ሮጦ ሄዶ ነገራት። «ታዲያ እኔ ከመጀመሪያው ልክ ነበርኩ» አለች። እንዴት እንደሆነ ባይገባኝም ተቀብያታለሁ።

ሒሳብ። በዓመቱ መጀመሪያ አባላት 14፣ በመጨረሻው 19። ከቀብዱ የተመለሰውንና የዳቦ ሽያጩን ጨምሮ ቆርቆሮው ውስጥ 61 ዩሮ አለ። ሰሌዳው ጠመኔ አይቀበልም፣ አዲስ ማርከር ይገዛበታል። ጭራሮዎቹ መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ የሚወስዳቸው ከሌለ እጥላለሁ። ክበቡ በመስከረም ሁለተኛ ቅዳሜ ይጀምራል፣ ባልተጠኑት 24 ተረትና ምሳሌዎች። ቢያንስ ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው።